ዋልያን በማልያ

ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳባት ላይ ሻይ ጠጥተው፣ የገብሱን ማሳ ግራና ቀኝ እያዩ ሲወጡ ብርዱ ቀስ እያለ በአንገትጌ ይገባል። እኔ ይህን መንገድ የሄድኩት በ2012 ዓ.ም. ጥር፣ ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ግን ስለ ስሜን ሳወራ ኖሬያለሁ። መቼም የሥነ ጽሑፍ መምህር ያላየውን ተራራ ማድነቅ አይቸግረውም። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ስለ መንገሣቸው ስንት ጊዜ ለተማሪ ተናግሬያለሁ! ደረስጌ በየት በኩል እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ባለመምጣቱ ብቻ ክብሬ ተጠብቆ ኖረ።

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላል የአገራችን ሰው። የስሜን ታሪክም ይኸው ነው። ዋልያን፣ ጭላዳን እና ቀይ ቀበሮን በሳይንስ መዝገብ ያስገባቸው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ስሜን የወጣው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ቀይ ቀበሮማ በሳይንስ ስሙ እስከ ዛሬ «የስሜን» ተብሎ ይጠራል። ከሩፔል በፊት ገበሬው አያውቃቸውም ነበር ማለት አይደለም። ያውቃቸዋል እንጂ! የዋልያውን ሥጋ ይበላል፣ ከቀንዱም ዋንጫ ይሠራል። ያልታወቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እንስሳው ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቤት እንደሌለው።

ይህ ሲታወቅ ፓርክ ይቋቋም ተባለ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ክላይቭ ኒኮል የተባለ ወጣት የዌልስ ሰው በኃላፊነት ተቀጥሮ ሁለት ዓመት ያህል ደከመ። ደኑ ሲመነጠር፣ ገደሉ አፋፍ ድረስ ሲታረስ አየና አዝኖ ሄደ፤ ያየውንም መጽሐፍ አድርጎ ጻፈ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኒኮል ጃፓን ገብቶ፣ ናጋኖ በሚባለው ተራራማ አገር የተጎሳቆለ ትንሽ ደን ገዝቶ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ሲያለማ ኖረ። እኛ ጋ ያቃተውን እዚያ አሳካው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር አብሮ ተመዘገበ። ይሁን እንጂ ስሙ በዓለም ሲደምቅ ኑሮው አልደመቀም። ጦርነት አለፈበት፤ እርሻውና ግጦሹም ሰፋ። በ1989 ዓ.ም. «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተባለና ከዚያ መዝገብ የወጣው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። እንዴት ወጣ? ክልሉ ሰፋ፣ ጥበቃው ተጠናከረ። ከሁሉ የከበደው ግን የግጭ መንደር መነሣት ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ቤታቸውን ለቀው ደባርቅ ገቡ።

የመራኝ የፓርኩ ጠባቂ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ክላሹን በትከሻው አጋድሞ ከፊቴ እየሄደ፣ እኔ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ጅብራ የሚያሳየኝ እየመሰለ ይቆምልኛል። አዋቂ ሰው ነው፤ ሲያሳርፍ እንኳ አያሳፍርም። ግጭ ስንደርስ፣

«ቤትህ የት ነበር?» አልኩት።

በዱላው ጓሳውን አመለከተኝ። ሣር እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። «ያውልህ መምህር። አሁን ጭላዳ ይግጥበታል።»

«አይቆጭህም?»

«ከብቶቼ ይቆጩኛል። ደባርቅ ከተማ ላይ ከብት የት ይሰማራል? ግን ዋልያው ካለቀ ፈረንጁ አይመጣም፤ ፈረንጁ ካልመጣ እኛም እንጀራ የለንም።» ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እናንተማ አትመጡም» አለኝ።

በምሬት አይደለም የተናገረው። ዝናብ ይመጣል አይመጣም እንደሚባለው ነው ያለው። መልስ አጣሁ። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ «ዋልያዎቹ!» እያልን ማልያ ለብሰን አደባባይ ወጥተን ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ዋልያን በዓይኑ ያየው ስንቱ ይሆን? እኛ ዋልያን የምናውቀው በማልያ ነው።

እኔ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሳይሞላ ኮሮና ገባና ፈረንጁ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ፤ ብዙ ሰላማዊ ሰው ሞተ። ከዚያም ወዲህ ክልሉ ሰላም አላገኘም። ያ ጠባቂ እንዴት እንደሰነበተ አላውቅም። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ወጥ ቤቷ፣ ሁሉም በአንድ ገመድ የተንጠለጠሉ ነበሩ፤ የገመዱ ጫፍ ያለው በባዕድ እጅ ነው። እኛ የአገሩ ሰዎች ያን ገመድ ለመያዝ አንድም ቀን እጃችንን አልዘረጋንም።

በየጊዜው «ሕዝቡ ለእንስሳቱ ቦታ ይልቀቅ» ሲባል እንሰማለን። ሕዝቡማ ለቀቀ! የአባቱን ቤት ለጭላዳ ትቶ ወረደ። ውለታው የተዋለው ለዩኔስኮ ብቻ አይደለም፤ በዋልያ ስም ለምንጨፍረው ለኛም ጭምር ነው። የውለታው መክፈያ ሐውልት አይደለም። ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት ልጆችን ይዞ መሄድ፣ በቅሎ መከራየት፣ ደባርቅ አድሮ የደባርቅን እንጀራ መብላት ነው። ያን ጊዜ ያ ሰው በሕይወት ካለ፣ «እናንተማ አትመጡም» ያለኝን ይመልሳል። እስከዚያው ግን እውነቱን ነው።