በአውሮፓ ቋሚ መኖሪያ፦ ከአገር መውጣትና ሥራ ማጣት የአምስት ዓመቱን ቆጠራ መቼ ያቋርጣሉ?



በስዊድን፣ በኔዘርላንድ ወይም በጣሊያን ዜግነት አግኝተው በኋላ ወደ ጀርመን፣ አየርላንድ ወይም ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን ወንድሞችና እህቶች አሉ። ፓስፖርታቸው አውሮፓዊ በመሆኑ የመኖሪያ ጉዳይ የሚያሳስባቸው አይመስላቸውም። ሥራ ሲጠፋ ወይም የታመመች እናት ለማስታመም አገር ቤት ብዙ ወራት ሲቆዩ ግን «የቆጠርኩት ጊዜ ፈረሰ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ ሕጉ የሚለውን በአጭሩ እናቀርባለን።

መሠረቱ

ጉዳዩን የሚገዛው የኅብረቱ መመሪያ 2004/38 ነው። አንድ የኅብረቱ ዜጋ በሌላ አባል አገር 5 ዓመት ሳያቋርጥ በሕጋዊ መንገድ ከኖረ ቋሚ የመኖሪያ መብት ያገኛል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ባል ወይም ሚስትም ከዜጋው ጋር 5 ዓመት በሕጋዊነት ከኖረ መብቱ ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ሥራ፣ በቂ ገንዘብ ወይም የጤና መድን አለኝ ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። በማኅበራዊ ድጋፍ ከአገሩ ዜጋ ጋር እኩል ይታያል። ከአገር ማስወጣትም የሚቻለው በከባድ ምክንያት ብቻ ነው።

ብዙዎች የሚስቱበት ነጥብ አለ። መብቱን የሚሰጠው ካርዱ ሳይሆን ሁኔታዎቹን አሟልቶ መኖር ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2011 እንደወሰነው፣ ሁኔታዎቹን ሳያሟሉ የመኖሪያ ካርድ ብቻ ይዘው የቆዩበት ጊዜ ለቋሚ መኖሪያ እንደ ሕጋዊ ኑሮ አይቆጠርም።

ከአገር መውጣት

በየዓመቱ በድምሩ ከ6 ወር ያልበለጠ መውጣት ቆጠራውን አያቋርጥም። ለሐጅ አንድ ወር ሄዶ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ወላጆቹን ለመጠየቅ አገር ቤት ሦስት ወር የቆየ ሰው በዚህ ገደብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆጠራዬ ይፈርሳል በሚል ሥጋት ብቻ ሐጁን የሚያዘገይ ሰው ካለ፣ በዚህ በኩል እንቅፋት የለበትም።

ከዚህ የረዘመ መውጣትም የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ። እርግዝናና ወሊድ፣ ከባድ ሕመም፣ ትምህርት ወይም የሙያ ሥልጠና፣ እንዲሁም አሠሪው ወደ ሌላ አገር ሲልክ አንድ ጊዜ እስከ 12 ተከታታይ ወር መቆየት ይቻላል። ለምሳሌ አንዲት እህት እናቷ ዘንድ ለመታረስ ደሴ ሄዳ 9 ወር ብትቆይ ቆጠራዋ አይቋረጥም። 14 ወር ከቆየች ግን ሲመለሱ እንደገና ከአንድ መጀመር ይመጣል።

ቋሚ መኖሪያ ከተገኘ በኋላ የሚጠፋው ከ2 ተከታታይ ዓመት በላይ ከዚያ አገር ውጭ በመቆየት ነው። ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄዱ ይህን ቀን ሊይዙት ይገባል።

ሥራ ማጣትና ሥራ ፍለጋ

ሥራ የጠፋበት ሰው ሁሉ የሠራተኛነት መብቱን አያጣም። ከ1 ዓመት በላይ ሠርቶ ያለ ፈቃዱ ሥራ ያጣ ሰው በሥራ አገናኝ ቢሮ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ከተመዘገበ እንደ ሠራተኛ መታየቱ ይቀጥላል፤ ጊዜውም ለ5 ዓመቱ ይቆጠርለታል። ከ1 ዓመት በታች የሠራ ከሆነ ደግሞ ከተመዘገበ በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር መብቱ ይቆያል። በ2019 በአየርላንድ ጉዳይ በተሰጠ ውሳኔ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ የሠራ ሰው እንኳ በዚህ ሊጠቀም እንደሚችል ተወስኗል። በግሉ ይሠራ የነበረና ሥራው የቆመበት ሰውም በ2017 ውሳኔ መሠረት ተመሳሳይ ጥበቃ አለው። በሕመም ወይም በአደጋ ለጊዜው መሥራት ያልቻለም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር ሆና ሥራ ያቆመች እናት ከወለደች በኋላ በተገቢ ጊዜ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ወይም ሌላ ሥራ ካገኘች ሠራተኛነቷ እንደማይቋረጥ በ2014 ተወስኗል።

ችግሩ ያለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ምዝገባ ነው። «ነገ እመዘገባለሁ» እያሉ ወራት ማሳለፍ፣ ወይም ያለ በቂ ምክንያት በገዛ ፈቃድ ሥራ መልቀቅ ጥበቃውን ያሳጣል። ሁለተኛው ገና ሥራ ሳይዝ የገባ ሥራ ፈላጊ ነው። ይህ ሰው ሥራ እየፈለገ መሆኑንና የመቀጠር ተስፋ እንዳለው እስካሳየ ድረስ አይባረርም። በፍለጋ ብቻ ያሳለፈው ጊዜ ግን ለ5 ዓመቱ ይቆጠርልኛል ብሎ መተማመን የለበትም። በቂ ገንዘብና የጤና መድን ካለው፣ ወይም የትዳር ጓደኛው የኅብረቱ ዜጋ ሆኖ እዚያው የሚሠራ ከሆነ ግን በዚያ በኩል ሊቆጠርለት ይችላል።

ተመዝግቦ ሥራ የሚፈልግ ሰው ለዑምራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ከመውጣቱ በፊት ቢሮውን ይጠይቅ። ለምሳሌ በጀርመን ድጎማ የሚቀበል ሥራ ፈላጊ አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት።

ከሌሎች ሕጎች ጋር አለማምታታት

በስደተኝነት ወይም በሥራ ፈቃድ ገብቶ የአውሮፓ ዜግነት ለሌለው ሰው ሌላ መመሪያ አለ፤ ቁጥሩ 2003/109 ነው። በዚህ መመሪያ በ5 ዓመቱ ውስጥ እያንዳንዱ መውጣት ከ6 ተከታታይ ወር ማነስ፣ ድምሩም ከ10 ወር አለመብለጥ አለበት። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም 12 ተከታታይ ወር ከኅብረቱ ግዛት ውጭ መቆየት ያሳጣዋል።

ብሪታንያም ከኅብረቱ ስለወጣች የራሷ ሥርዓት አላት። እስከ 2020 መጨረሻ ገብተው በዚያ ሥርዓት ቋሚ መብት ያገኙ የአውሮፓ ዜጎች መብታቸውን የሚያጡት ከ5 ተከታታይ ዓመት በላይ ውጭ ሲቆዩ ነው፤ ለስዊዘርላንድ ዜጎች 4 ዓመት ነው።

ምን እናስቀምጥ?

የጉዞ ትኬት፣ የፓስፖርት ማኅተም፣ የደመወዝ ደረሰኝ፣ የሥራ ውል፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የሥራ አገናኝ ቢሮ ምዝገባ፣ የሐኪም ወረቀት በአንድ ፋይል ይቀመጡ። የወጡበትንና የተመለሱበትን ቀን መጻፍ በኋላ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ቀን አሳስቶ ማቅረብ ግን መብትን ከማሳጣቱም በላይ አማናን ማጉደል ነው። የግል ጉዳይ ያለው ሰው ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት የሚኖርበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ ያማክር።

አላህ ለሁላችንም ያግራልን።