የእግር መንገድ መብት በእንግሊዝ ገጠር

በእንግሊዝ አገር እሑድ በደረሰ ጊዜ ባልና ሚስት ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፥ ሁለት ሦስት ወዳጆቻቸውን ጨምረው ከከተማ ወደ ገጠር ይወጣሉ። ጉዞአቸው ለመራመድ፥ ለመጨዋወትና ንጹሕ አየር ለመቀበል ነው እንጂ ሌላ ጉዳይ የለውም። በመንገዳቸውም የሰው ማሳ አቋርጠው፥ በጎች በተሰማሩበት መስክ አልፈው፥ አጥር በገጠማቸው ጊዜ ለእግረኛ ተብሎ በተሠራው የእንጨት መወጣጫ ተሻግረው ይሄዳሉ። ባለ መሬቱ ከበሩ ቆሞ ቢያያቸው እንኳ «ከርስቴ ውጡ» ሊላቸው አይችልም። የሰው ንብረት እጅግ በሚከበርበት በዚያ አገር ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ ረዥም ታሪክ ያለው ስለ ሆነ በአጭሩ እንመልከተው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጥንት ዘመን በእንግሊዝ ገጠር የወል መሬት የሚባል ነበር። የመሬቱ ባለቤት ባላባቱ ቢሆንም፥ ድኻው ላሙን የሚያግድበትና ማገዶውን የሚለቅምበት መብት ነበረው። ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ወደ ገበያና ወደ ወፍጮ የሚወስደውም የእግር መንገድ በየመስኩ ያልፍ ነበር። ነገር ግን ከ1604 እስከ 1914 ድረስ ፓርላማው ከ5,200 የሚበልጡ የአጥር ሕጎችን አውጥቶ 6.8 ሚሊዮን ኤከር የሚያህል መሬት ተከልሎ ለየባለቤቱ እንዲሆን አደረገ። በዚህም የተነሣ ብዙ ድኻ ከግጦሹ ተነቀለ፤ ብዙ መንገድም ተዘጋ። በዚያው ዘመን የፋብሪካ ከተሞች እየሰፉ ሄደው፥ በጢስ ውስጥ ሲሠራ የሚሰነብተው ወዛደር በዕረፍቱ ቀን የሚወጣበት መስክ እየራቀው መጣ።

በዚህ ጊዜ ነበር እግረኞች በማኅበር መቆም የጀመሩት። በ1826 በማንቸስተር ከተማ የጥንት የእግር መንገዶችን የሚጠብቅ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1865 ደግሞ በለንደን የወል መሬት ጠባቂ ማኅበር ተመሠረተ። በ1879 ሌስሊ እስቲቨን የተባለው ደራሲ ወዳጆቹን ሰብስቦ እሑድ እሑድ በለንደን ዙሪያ ባለው ገጠር የሚጓዝ ጓድ አቋቋመ። በ1884 ጄምስ ብራይስ የተባለው የፓርላማ አባል የስኮትላንድ ተራሮች ለእግረኛ እንዲከፈቱ የሕግ ረቂቅ ቢያቀርብም አልተሳካለትም።

የእግር መንገዱን ነገር ግን በ1932 የወጣው ሕግ አጠናከረው። ሕዝብ በአንድ መንገድ 20 ዓመት ሙሉ ያለ ከልካይ እንደ መብቱ ከተመላለሰበት፥ ባለ መሬቱም አሳቡ ሌላ እንደ ነበረ ካላስረዳ በቀር፥ መንገዱን ለሕዝብ እንደ ሰጠ ይቆጠራል። እኛ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንላለን፤ በዚህ ሕግ ግን ዝም ባለ ባለርስት መሬት ላይ መንገድ ይወጣበታል።

ይህ ሕግ የጠቀመው የተረገጠ መንገድ ባለበት ስፍራ ነው። በማንቸስተርና በሼፊልድ መካከል ያለው ኪንደር ስካውት የሚባለው ደጋ ግን፥ ባላባቶች ግራውስ የምትባለውን ቆቅ መሳይ ወፍ ስለሚያድኑበት በጠባቂዎች ይከለከል ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ቤኒ ሮትማን የተባለው የ20 ዓመት ወጣትና 400 የሚያህሉ ሰዎች ከሄይፊልድ መንደር ተነሥተው ወደ ደጋው ወጡ፤ ከጠባቂዎቹም ጋር ግብግብ ሆነ። በሰው መሬት ላይ መርገጥ ብቻውን በወንጀል የሚያስጠይቅ ስላልነበረ፥ የተያዙት ሰዎች የተከሰሱት በሁከትና በመሰለው ነበር። አምስቱ ከሁለት ወር እስከ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። በዚያን ጊዜ የነበሩት የእግረኞች ማኅበራት መሪዎች ብዙዎቹ «ለዓመታት በልመናና በክርክር ያቀናነውን ሥራ ወጣቶቹ አበላሹብን» ብለው አዝነው ነበር። ይሁን እንጂ ፍርዱ እጅግ ከባድ ሆኖ ስለ ታየ፥ ከዚያ በፊት ስለ መንገድ ግድ ያልነበረው ሰው ሁሉ ስለ ነገሩ መነጋገር ጀመረ። ድሉን ያመጣው የትኛው ነው ቢባል፥ በእኔ አስተያየት ሁለቱን መነጣጠል አይቻልም። የወጣቶቹ ድፍረት ሕዝቡን ቀሰቀሰ፤ የሽማግሌዎቹ ትዕግሥት ደግሞ ሕጉን አረቀቀ።

በ1935 ማኅበራቱ ለመላው አገር አንድ ማኅበር ሆኑ። በ1948 የእግረኞቹ መሪ ቶም እስቲቨንሰን፥ ከእነዚህም መካከል ሂዩ ዳልተንና ባርባራ ካስል የሚገኙባቸውን የፓርላማ አባሎች ይዞ፥ ፔናይን በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ በእግራቸው አስጓዛቸው። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1949፥ የብሔራዊ ፓርክና የገጠር ሕግ ወጣ፤ የየአውራጃውም ምክር ቤት የእግር መንገዶቹን መርምሮ በካርታ ላይ እንዲያሰፍር ታዘዘ። በ1951 ኪንደር ስካውት የሚገኝበት የፒክ አውራጃ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1965 የፔናይን መንገድ ተመረቀ። በ2000 በወጣው ሕግም እግረኛው በካርታ በተለዩ ተራሮችና ደጋዎች ላይ ከመንገድ ወጥቶ እንኳ በእግሩ ለመዘዋወር መብት አገኘ። በ2002 የዚያ ግብግብ 70ኛ ዓመት ሲታሰብ፥ የደጋው ባለቤት የነበሩት መስፍን የልጅ ልጅ የዴቮንሻየር መስፍን በሕዝብ ፊት ቆመው ስለ አያታቸው ድርጊት ይቅርታ ጠየቁ።

ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ የተመዘገበው የሕዝብ መተላለፊያ መንገድ 140,000 ማይል ያህል ነው። ይሁንና መብት በመዝገብ ስለ ተጻፈ ብቻ አይኖርም፤ ሰው የማይሄድበት መንገድ እሾህ ይበቅልበታል፥ ባለ መሬቱም ያርሰዋል። እግረኛውም ግዴታ አለበት፤ በ1951 የወጣው የገጠር ሥርዓት መመሪያ የከፈትኸውን በር መልሰህ ዝጋ፥ ሰብል አትርገጥ፥ ቆሻሻ አትጣል ይለው ነበር። ስለዚህ እነዚያ ባልና ሚስት ከወዳጆቻቸው ጋር እየሳቁ ሲያልፉ የሚዝናኑ ብቻ አይደሉም። ሌሎች ታስረው፥ ሌሎችም ዕድሜያቸውን በክርክር ጨርሰው ያተረፉትን መብት፥ በእግራቸው እየረገጡ ለልጆቻቸው ያቆዩታል።