የታባ ቦሲዩ ተጠጊዎች

ዛሬ ሌሶቶና የደቡብ አፍሪካው ፍሪ ስቴት በሚዋሰኑበት በካሌዶን ወንዝ ሸለቆ ከ1822 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ኑሮ ከሥሩ ተናጋ። ቀደም ሲል አገሩ ማሽላ የሚዘራበት፣ ከብት የሚረባበት፣ በትናንሽ ባላባቶች የተከፋፈለ ነበር። በማቲዋኔ የሚመሩት ንግዋኔዎች ያሳደዷቸው ህሉቢዎች የድራከንስበርግን ተራሮች ተሻግረው በባትሎኳዎች ላይ ወደቁ። ባትሎኳዎችም ወራሹ ሴኮንዬላ ለአካለ መጠን ስላልደረሰ በእናቱ በማንታቲሲ እየተመሩ በፈንታቸው ሌላውን እየዘረፉ ነጎዱ። ከብት ተነዳ፣ እርሻ ጦም አደረ፣ የተረፈው ሰው ዋሻ ገባ፤ ረኃቡ የጠናበትም የሰው ሥጋ እስከ መብላት ደረሰ።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ በዙሉው ንጉሥ በሻካ ሲላከክ ኖሯል። ታሪክ ጸሐፊው ጁሊያን ኮቢንግ በ1988 ይህን ትረካ ተቃውሞ፣ ከባሕሩ ዳርቻ የሚነሳውን የባሪያ ንግድና ከኬፕ ቅኝ ግዛት በኩል የሚመጣውን ጠመንጃ የታጠቀ ፈረሰኛ ዋና ተጠያቂ አደረገ። የእሱም ሐሳብ በተራው ብዙ ተተችቷል። ድርቅም ድርሻ እንደነበረው አብዛኛው አጥኚ ይቀበላል።

ከዚህ ትርምስ መጠጊያ ያቆመው ሞሽዌሽዌ ትልቅ ንጉሥ አልነበረም። በ1786 ገደማ የተወለደ የአንድ አነስተኛ ባላባት ልጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ ሞህሎሚ ከተባለ ስመ ጥር ጠቢብ ምክር እንደተቀበለ ይነገራል። በ1824 ባትሎኳዎች ቡታ ቡቴ በተባለው ተራራ ላይ ከበው ሲያስርቡት ወገኖቹን ይዞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተሰደደ። በጉዞው ላይ ወደ ኋላ የቀሩትን አያቱን ፔቴን ሰው በላዎች ይዘው በሉ። ስደተኞቹ የደረሱበት ታባ ቦሲዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ አምባ ቢባል ይገባዋል፦ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ምንጭና ግጦሽ ያለው፣ በጥቂት በሮች ብቻ የሚወጣ። በሮቹ ላይ ድንጋይ ተከምሮ ጠላት ሲመጣ ይናድበታል።

አምባው እንዳልተደፈረ ሲሰማ ሰው ይመጣ ጀመር፤ አመጣጡ ግን በጥርጣሬ ነበር። ብዙዎቹ ተጠጊዎች በነጠላ ሳይሆን በየአለቃቸው ሥር በቡድን ይመጣሉ። በዚያ ዘመን ሌላ ባላባት ዘንድ የገባ ስደተኛ የቀረችውን አንዲት ላም ሊቀማ፣ ልጆቹንም ሊነጠቅ ይችላል። አስጠጊውም በበኩሉ የሚቀበለው ሰላይ ይሁን ወይም ነገ የሚከዳ አያውቅም። ሞሽዌሽዌ መጤዎቹን በአለቆቻቸው ሥር እንዳሉ፣ ቋንቋና ልማዳቸውን ሳይነካ ማስፈሩ ፍርሃታቸውን ሳያቀልለው አልቀረም። የሰፈሩበት ቦታ ግን ዘወትር የሚጠቀሰውን የደግነቱን ወሬ በጥንቃቄ እንድናነብ ያስገድዳል። አምባው ላይ የሚኖሩት በዋናነት የእሱ ቤተሰብና የቅርብ ወገኖቹ ነበሩ። ጠንካራዎቹ ተጠጊዎች ጠረፍ ላይ ተተከሉ፦ የሞሌትሳኔ ባታውንጎች በሰሜን ሴኮንዬላ በሚያሰጋበት በኩል፣ የሞሮሲ ባፑቲዎች በደቡብ። ጥበቃ የሚፈልገው ሰው ራሱ አጥር ሆነ።

አስጠጊውንና ተጠጊውን ያሰረው ማፊሳ የሚባለው ከብት በርቢ የመስጠት ልማድ ነው። ከብቱን ያጣ አባወራ ከባላባቱ ላሞች ይቀበላል። ወተቱን ይጠጣል፣ በበሬው ይጫናል፣ ኩበቱን ያነዳል፤ በደንብ ከጠበቀም ከጥጃው የሚደርሰው ይኖራል። ባለቤትነቱ ግን የሰጪው ነው፤ ተቀባዩ ካመፀ ወይም ጥሎ ከሄደ ከብቱ ይመለሳል። ስለዚህ ልጆቹ ወተት ያገኙለት ሰው ታማኝ መሆኑን በየዕለቱ መሐላ ማደስ አላስፈለገውም። በለውጡ የባላባቱን ማሳ በደቦ ያርሳል፣ ጦርነት ሲመጣ ይዘምታል፣ ሸንጎ ሲጠራ ይገኛል። ልማዱ ከሞሽዌሽዌ በፊትም የነበረ ነው፤ እሱ ያደረገው ሁሉም ባጣበት ዘመን ሰፋ አድርጎ መጠቀም ነበር። ከብቱ ከየት መጣ ቢባል፣ አንዱ ምንጭ በስተደቡብ በቴምቡዎች ላይ የተደረገው ዘረፋ ነው። ለአንዱ ስደተኛ የታለበችው ላም ከሌላው በረት የተነዳች መሆኗ በምስጋናው ትረካ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነሳም። የአለቆችን ሴት ልጆች ማግባቱም እንዲሁ የማሰሪያ መንገድ ነበር፤ ሚስቶቹ በኋላ ዘመን ከመቶ በላይ ሆነዋል።

ከተጠጊዎቹ ሁሉ አስቸጋሪዎቹ ሰው በላዎቹ ነበሩ። ፔቴን የበሉት በራኮትሷኔ የሚመሩት ሰዎች በተያዙ ጊዜ የሞሽዌሽዌ ወገኖች ደም እንዲመለስ ጠየቁ። በሶቶ አፈ ታሪክ እንደሚተረከው፣ ሞሽዌሽዌ የአያቱ መቃብር የእነዚህ ሰዎች ሆድ ነውና መቃብር አይረገጥም ብሎ ከለከለ፤ ለመቃብር የሚደረገውን የመንጻት ሥርዓት በሆዳቸው ላይ አስፈጽሞ ምሕረት አደረገላቸው። ለሰው በላዎች ከብት እየሰጠ ወደ እርሻ እንደመለሳቸውም ይነገራል። የሰው በላዎቹን ብዛት በተመለከተ የሚሲዮናውያኑ ጽሑፎች ሳያጋንኑ አልቀሩም፤ ምሕረቱ ግን እንደ ፖለቲካ ሲታይ ብልህ ነው። የትናንት ወንጀል የሚያስፈራቸው ብዙዎች ነበሩና ከዚያ በኋላ ለመግባት የሚያመነታው ሰው ሥጋቱ ቀለለለት።

ለጠላትም ቢሆን በሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም ነበር። ለሻካ ግብር ይልክ ነበር። ማቲዋኔ ከአምባው ሥር ተመትቶ ተመለሰ። በ1831 የምዚሊካዚ ንዴቤሌዎች ዘምተው ድንጋይና ጦር ሲመልሳቸው፣ ሞሽዌሽዌ ለመንገድ ስንቅ ብሎ ከብት ላከላቸው፤ ሁለተኛም አልመጡም። በ1833 ዩጂን ካዛሊስ፣ ቶማስ አርቡሴና ኮንስታን ጎሴሊን የተባሉ የፓሪስ ሚሲዮናውያን በእሱ ግብዣ መጡ። ካዛሊስ የውጭ ጉዳይ አማካሪው እስከ መሆን ደርሷል።

መተማመኑ ያልሰመረበት ጊዜም አለ። በዚያው በ1833 የሞሮካ ባሮሎንጎች ከዌስሊያን ሚሲዮናውያን ጋር መጥተው በታባ ንቹ ሰፈሩ፤ ለሰፈሩበትም ከብት ሰጡ። በኋላ እነሱ መሬቱን ገዝተነዋል አሉ፤ ሞሽዌሽዌ ደግሞ በሶቶ ሕግ መሬት አይሸጥም፣ የሰጠሁት መኖሪያ ብቻ ነው አለ። ክርክሩ ሳይፈታ ባሮሎንጎች ከእንግሊዞች፣ ቀጥሎም ቦኤሮች ከሚባሉት የደች ዘር ሰፋሪዎች ጎን ተሰለፉ።

የቦኤሮቹ ፍሪ ስቴት የመጣው በጠመንጃና በመድፍ ነው። በነሐሴ 1865 አዛዡ ሎው ዌፔነር አምባውን ሊወጣ ሲሞክር ተገደለ፤ ታባ ቦሲዩም በጦር አልተያዘም። ሆኖም ቦኤሮቹ አምባውን ትተው በሜዳው ያለውን እህልና ከብት አጠፉ፤ በጠረፍ የሰፈረው ሕዝብ ዳግመኛ ስደተኛ ሆነ። አምባ ሕዝብን እንጂ ማሳን አይጠብቅምና ሞሽዌሽዌ የእንግሊዝን ጥበቃ ደጋግሞ ለመነ፤ መጋቢት 12 ቀን 1868 ተሳካለት። ከካሌዶን በስተምዕራብ ያለው ለም መሬት ግን አብዛኛው በቦኤሮቹ እጅ ቀረ። እሱም በ1870 ሞተ።

በርቢና በጋብቻ የተሳሰሩት ወገኖች በአንድ ስም ባሶቶ ተባሉ፤ ነባር መለያቸው ግን አልጠፋም። በ1853 ሞሽዌሽዌ ድል ያደረጋቸው ባትሎኳዎችና በሰሜን ጠረፍ የሰፈሩት ባታውንጎች የየራሳቸው ዋና ባላባት አላቸው፤ ባላባቶቹም ዛሬ በሌሶቶ ሴኔት ውስጥ በውርስ ከሚቀመጡት 22 ዋና ባላባቶች መካከል ናቸው።