ፑምሴ፦ የፍልሚያ ቅንብር

በስፖርት ዜና «የአፍሪካ የፑምሴ እና የፓራ ፑምሴ ሻምፒዮና» የሚል ሐረግ ሲነበብ፣ የቴኳንዶ ማሠልጠኛ ደጅ ያልረገጠ አድማጭ «ሻምፒዮና» ከሚለው በቀር የሚጨብጠው የለም። በአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቃሉን ከወላጆች ይልቅ ልጆች ያውቁታል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ዶቦኩን፣ ማለትም የቴኳንዶ ልብሱን፣ ለብሶ፣ ቢጫ ቀበቶውን አስሮ፣ ብቻውን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ የሚዞረውን ልጅ እናቱ ከፎቅ ላይ ሆና «ከማን ጋር ነው የምትደባደበው?» ብትለው አይፈረድባትም። ልጁ የያዘው ፑምሴ ነው።

ፑምሴ በቴኳንዶ ውስጥ አስቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል የተሰደረ የመከላከልና የማጥቃት እንቅስቃሴ ነው። ተጋጣሚ የለም፤ ሠሪው ግን ባላጋራው ፊቱ እንደቆመ ቆጥሮ ይመክታል፣ በቡጢ ይመታል፣ ይራገጣል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ሌላው ዘርፍ ኪሮጊ ይባላል። በኦሊምፒክ የምናየው ኪሮጊን ብቻ ነው፤ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ግራም ኢትዮጵያን ወክሎ የተሰለፈውም በዚሁ ነው።

ነገሩን ለእኛ ሰው ለማስረዳት ፉከራን ማንሳት ይበቃል። ፎካሪው ጦርና ጋሻውን ይዞ ሲወረወር፣ ሲመክት፣ ሲንበረከክ ጠላት ከፊቱ የለም፤ የከበበው ሰው ግን ጠላቱን ያየዋል። ልዩነቱ፣ ፎካሪ ስሜቱ እንደመራው ይሄዳል፤ ፑምሴ ሠሪ ግን አንዲት እርምጃ መጨመርም መቀነስም አይፈቀድለትም።

የመጀመሪያውን ፑምሴ፣ ቴጉክ ኢል ጃንግን፣ ጠጋ ብለን እንየው። ሠሪው ሁለቱን ቡጢዎች ከእምብርቱ ዝቅ አድርጎ ፊት ለፊት ይዞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወደ ግራ ይዞርና ግራ እጁን ከቀኝ ትከሻው በኩል ወደ ታች አውርዶ ከሥር የሚመጣን ምት ይመክታል። ቀጥሎ በቀኝ እግሩ አንድ እርምጃ ገብቶ በቀኝ ቡጢው ደረት ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ በሌላው ጎን ያንኑ ይደግማል። ለተመልካች ይኸው ነው፤ ምን ከባድ አለው ያስብላል። ዳኛው ግን ሌላ ነገር ይቆጥራል፦ የመከተው ቡጢ ከጭን በላይ ሁለት ቡጢ ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል? እግሮቹ የተራራቁት በተፈጥሮ እርምጃ ልክ ነው? ያልመታው እጅ ወደ ወገብ ተመልሷል? ወደ አዲሱ አቅጣጫ መጀመሪያ የዞረው ዓይን ነው ወይስ እጅ?

ውጤቱ ከ10 ይያዛል። 4ቱ የትክክለኛነት፣ 6ቱ የአቀራረብ ነው፤ አቀራረብም ፍጥነትና ኃይል፣ ምጣኔና ስልት፣ የውስጥ ብርታት መግለጫ ተብሎ ለሦስት እኩል ይከፈላል። ትንሿ ስህተት 0.1 ታስቀንሳለች፤ ትልቋ 0.3። እንቅስቃሴ መዝለል፣ ጠፍቶበት 3 ሰከንድ መቆም፣ «ኪያፕ» ተብሎ በሚጮህበት ቦታ ዝም ማለት ከትልቆቹ ይመደባሉ። ከዳኞቹ ነጥብ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ወጥቶ የቀሪው አማካይ ይወሰዳል። አንደኛና ሁለተኛ በነጥብ ሽርፍራፊ የሚለያዩበት ጨዋታ ስለሆነ፣ ጥቂት የወጣ ተረከዝ ሜዳሊያ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ቴጉክ በኮሪያ ባንዲራ መሀል ያለው ቀይና ሰማያዊ ክብ መጠሪያ ነው። ከጥቁር ቀበቶ በታች ያሉት ስምንቱ ቴጉኮች በተራ ሰማይን፣ ሐይቅን፣ እሳትን፣ ነጎድጓድን፣ ነፋስን፣ ውኃንና ተራራን ይወክላሉ፤ ስምንተኛው ምድር ነው። (የንፋስ ስልክ ልጆች አምስተኛውን ቢያበልጡ ይገባቸዋል።) ጥቁር ቀበቶ የታጠቁት ደግሞ ከኮርዮ እስከ ኢልዮ ዘጠኝ የራሳቸው አላቸው። ውድድሩ በግል፣ በጥንድና በሦስት ሰው ቡድን ይካሄዳል። ከእነዚህ ውጪ በሙዚቃ የታጀበ፣ ተወዳዳሪው ራሱ የሚፈጥረው ነጻ ፑምሴም አለ፤ አየር ላይ መገልበጥ የሚወድ ወጣት የሚታየው እዚያ ነው።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? አንዳንዱ «ትርኢት» ይለዋል። ይህ ቢቀር ይሻላል። ትርኢት በበዓል መክፈቻ ላይ ጣውላ የሚሰበርበት ማድመቂያ ነው፤ ፑምሴ ግን ደንብ፣ ዳኛና ሜዳሊያ ያለው ውድድር ነው። «ቅርጽ» የሚለውም ለቃል በቃል ትርጉም ይቀርባል እንጂ የቆመ ነገር ያስመስለዋል። የሚሻለው «የፍልሚያ ቅንብር» ነው። ቅንብር ማለት በልክና በቅደም ተከተል የተሰናዳ ሥራ እንደሆነ ሙዚቃ የሚሰማ ሁሉ ያውቃል፤ «ፍልሚያ» የሚለው ደግሞ ዳንስ አለመሆኑን ይናገራል። ኪሮጊ በአጭሩ «ፍልሚያ» ሊባል ይችላል። ማሠልጠኛ ቤት ውስጥ ፑምሴ ፑምሴ ሆኖ ይቀጥል፤ ለአድማጭና ለአንባቢ ግን «ፑምሴ፣ ማለትም የፍልሚያ ቅንብር» ብሎ አንድ ጊዜ መፍታት ዜናውን ያድነዋል።

የባዕድን ነገር በራስ ቃል ለመጥራት ንፋስ ስልክ ራሱ ምስክር ነው። ሽቦ የሌለው ስልክ ሲመጣ ያገራችን ሰው የባዕድ ስሙን ሳይጠብቅ «ንፋስ ስልክ» አለው፤ ሰፈሩም በዚያው ተጠራ። ከኮሪያ ጋርም ቢሆን እንግዳ አይደለንም። ይሁንና ለኮሪያ ጦርነት የሄዱት የቃኘው ዘማቾች እ.ኤ.አ. በ1951 ፑሳን ሲወርዱ «ቴኳንዶ» የሚለው ስም ገና አልወጣም ነበር፤ የወጣው በ1955 ነው። ዛሬም ስሞቹ አንድ ወጥ አይደሉም፤ በእኛም አገር ብዙ ተከታይ ያለው ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ እንዲህ ያለውን ቅንብር «ቱል» ሲለው ካራቴ «ካታ» ይለዋል። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላው የቴኳንዶ ዘርፍ፣ ስለ ወርልድ ቴኳንዶ ነው።

አሁን ወደ «ፓራ» እንምጣ። ቃሉን በፓራሊምፒክ ለምደነዋል፤ ትዕግስት ገዛኸኝና ያየሽ ጌጤ በፓሪስ 2024 በ1500 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቁ በየቤቱ ተሰምቷል። ቴኳንዶ ፓራሊምፒክ የገባው በቶኪዮ ነው፤ የገባው ግን ኪሮጊ ብቻ፣ እሱም እጃቸው ላይ ጉዳት ላለባቸው ተፋላሚዎች ነው። ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት፣ በጣም አጭር ቁመት ያለው ስፖርተኛ በዚያ በር አይገባም። ፓራ ፑምሴ ለእነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ምድብ አለው። ተወዳዳሪው የሚመዘነው ከመሰሎቹ ጋር ነው እንጂ ጉዳት ከሌለበት ጋር አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፓራ ፑምሴን እንደ ማበረታቻ ያየዋል። ማንኛውም ቴጉክ በተጀመረበት ነጥብ ላይ ማለቅ አለበት። ማየት ለሚችለው ምንጣፉ ላይ ያለው መስመር፣ የዳኛው ወንበር፣ ግድግዳው ሁሉ ምልክት ነው። ማየት የተሳነው ስፖርተኛ ግን ሃያ ጊዜ ያህል ዞሮና ተራምዶ ወደ መነሻው የሚመለሰው የእርምጃውን ርዝመትና የዙረቱን ልክ ሰውነቱ ስለያዘው ብቻ ነው። አንዷ ዙረት ጥቂት ከሳተች የቀረው መንገድ በሙሉ ይዛባል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ተወዳዳሪ ደግሞ በአንድ እግር ቆሞ ሲራገጥ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ትግል ከቡጢ ልውውጥ አያንስም። ለዚህ ነው «ትርኢት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይበልጥ የሚጎረብጠው።

በመጠሪያውም በኩል «የአካል ጉዳተኞች የፍልሚያ ቅንብር» ማለት ይቻላል፤ ርዝመቱ ለሚከብደው ዜና አንባቢ «ፓራ ፑምሴ» ይበቃል።

ዘርፉ ወጣት ነው። የመጀመሪያው የዓለም የፑምሴ ሻምፒዮና በሴኡል የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ በ2009 ካይሮ አዘጋጅታዋለች። በ2018 ፑምሴ በጃካርታ የእስያ ጨዋታዎች ውስጥ ገባ። በ2020 ኮሮና አዳራሾችን ሲዘጋ ደግሞ በቪዲዮ እየተቀረጸ በኢንተርኔት ተወዳድረውበታል፤ ተጋጣሚ ለማያስፈልገው ስፖርት ያ አልከበደውም።

መከላከያ ሰደሪያና የራስ ቁር ስለማይጠይቅ ወጪው ቀላል ነው፤ ለስላሳ ወለልና ጥቂት ካሬ ሜትር ካለ ይሠራል። ሳሪስ፣ ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ለቡም ሆነ ሀና ማርያም የምታሠለጥኑ ማስተሮች፣ የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ይዞ የሚመጣን ወላጅ «ይህ ስፖርት ለእሱ አይሆንም» ብላችሁ አትመልሱት፤ ከቴጉክ ኢል ጃንግ አስጀምሩት።