ተቆርጦ የተወሰደን ቅጠል በሕይወት በማቆየት የሚካሄድ የእጽዋት በሽታ ጥናት

በምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ዙሪያ ገጠር ቀበሌዎች የታመመ የሰብል ቅጠል ለምርመራ ሲላክ ውጤቱን የሚወስነው ላቦራቶሪው ብቻ አይደለም። ቅጠል ከተክሉ ከተለየበት ሰዓት ጀምሮ መጠውለግ ይጀምራል። በስብሶ በደረሰ ናሙና ላይ የሚታየው ፈንገስም በሽታውን ያመጣው ሳይሆን ቅጠሉ ከሞተ በኋላ የሰፈረበት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሳቢያ አርሶ አደሩ ለሰብሉ የማይበጅ መድኃኒት ገዝቶ ሊረጭ ይችላል።

እንደ ስንዴ ዋግ ያሉ በሽታ አምጪ ፈንገሶች የሚመገቡት ከሕያው ቅጠል ብቻ ነው። ስለሆነም ተመራማሪዎች የቅጠል ቁራጮችን አረንጓዴነትን የሚያቆይ ቤንዚሚዳዞል በተጨመረበት ውኃ ወይም አጋር ላይ በማኖር ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ በሕይወት ያቆዩአቸዋል። የዋግን ዝርያ መለየት በመደበኛነት በችግኝ ላይ የሚከናወን ቢሆንም፣ የቅጠል ዘዴው ቦታና ጊዜ ይቆጥባል። የልየታው ጠቀሜታ እ.ኤ.አ በ2013 በአርሲና በባሌ ታይቷል። በወቅቱ ዲገሉ የተሰኘውን የስንዴ ዝርያ ያጠቃው የግንድ ዋግ፣ ብዙዎች ይሰጉበት ከነበረው ዩጂ 99 ወገን ያልሆነ ሌላ ዝርያ መሆኑ የተረጋገጠው በዚሁ ምርመራ ነው።

የውኃ ውስጥ እጽዋት ቅጠል አያያዝ ከሰብል ቅጠል ይለያል። ጉዳዩ ከዞኑ በስተሰሜን በሚገኘው የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ ከ2011 ወዲህ ከተስፋፋው የእምቦጭ አረም ጋር የተያያዘ ነው። አልተርናሪያና ሰርኮስፖራ የተባሉት የፈንገስ ወገኖች የእምቦጭን ቅጠል የሚያጠቁ ዓይነቶች ስላሏቸው አረሙን በሥነ ሕይወታዊ መንገድ ለመቆጣጠር በተለያዩ አገሮች ተጠንተዋል። ለሙከራው ጤናማ ቅጠል ማለዳ ላይ ይመረጣል። አየር እንዳይገባበት አገዳው ውኃ ውስጥ እንዳለ ይቆረጣል፤ ጫፉም በእርጥብ ጥጥ ይጠቀለላል። ቅጠሉ እርጥብ ወረቀት በተነጠፈበት ክዳን ባለው ሳህን ውስጥ ተደርጎ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ብርሃን ይቀመጣል። እንደ ውኃ አበባ ያለ ተንሳፋፊ ቅጠል የሚተነፍሰው በላይኛው ገጹ በመሆኑ መገልበጥ የለበትም። ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ የሚኖር ቅጠል ግን አየር ላይ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ከውኃ ሊወጣ አይገባም።

ትልቁ ችግር ቅጠሉ ከሐይቁ ይዞት የሚመጣው ባክቴሪያና አልጌ ነው። በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል፤ በረኪና ከተጨመረ እጅግ ቀጥኖ ለአጭር ጊዜ ብቻ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ማጽጃው ራሱ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ከዚያም የፈንገሱ ስፖር ያለበት ጠብታ በቅጠሉ ላይ ይደረጋል። ንጹሕ ውኃ ብቻ የተጠበበት ማነጻጸሪያ ቅጠልም ጎን ለጎን ይቀመጣል። ማነጻጸሪያው ከቢጫነት አልፎ ከጠቆረ ሙከራው ውድቅ ነው።

ማነጻጸሪያው ጤናማ ሆኖ ቢቆይ እንኳ የተቆረጠ ቅጠል የመከላከል አቅሙ የተዳከመ በመሆኑ፣ በተክሉ ላይ ጉዳት የማያደርስ ፈንገስ በእርሱ ላይ በሽታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለሆነም አንድን ፈንገስ በሐይቅ ላይ ለመልቀቅ ከመታሰቡ በፊት በሙሉ ተክል፣ በተለይም በጤፍ፣ በበቆሎና ቡሬ በምትታወቅበት በርበሬ ላይ መፈተኑ ግዴታ ሊሆን ይገባል። በሳህን ላይ የተገኘን ውጤት ብቻ ይዞ ፈቃድ መስጠት አደገኛ ነው።

ናሙና የሚልኩ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዋግ የያዘውን ቅጠል በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ፖስታ አድርቀው መላክ ይኖርባቸዋል። በምች የተያዘ የድንች ቅጠል በተቆረጡ ጤናማ ድንቾች መካከል ቢደረግ በሽታ አምጪው በሕይወት ይደርሳል። የውኃ ተክል ቅጠል ደግሞ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ በማቀዝቀዣ ሣጥን ይጓጓዛል። በፖስታው ላይ ቀበሌው፣ ቀኑ፣ የሰብሉ ዝርያና ቀደም ሲል የተረጨ መድኃኒት ካለ ስሙ ይጻፋል። የመድኃኒቱ ስም ካልተገለጸ ላቦራቶሪው ፈንገሱ ያልበቀለበትን ምክንያት በከንቱ ሲፈልግ ይሰነብታል።