ዜና ዘመነ አርዮስ፤ ከእስክንድርያ እስከ አክሱም

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አምነን፣ ቤተ ክርስቲያን በእስክንድርያ ከአርዮስ ትምህርት እንዴት እንደ ተጠበቀች፣ ያም ፈተና ባሕር ተሻግሮ እስከ አክሱም ቤተ መንግሥት እንዴት እንደ ደረሰ የሚናገረውን ዜና እንጽፋለን። ዓመታቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

የዲዮቅልጥያኖስ ስደት ካለፈ በኋላ፣ እለ እስክንድሮስ በማርቆስ መንበር ተቀምጦ ሳለ፣ በእስክንድርያ ከተማ አርዮስ የሚባል ካህን ነበረ። ትውልዱ ከሊቢያ ወገን ነው፤ በአንጾኪያው ሊቅ በሉቅያኖስ እግር ሥር ተምሯል፤ ባውካሊስ በምትባለው ቤተ ክርስቲያንም መጽሐፍ ይተረጕም ነበር። ቁመተ ረጅም፣ ፊቱ ጾም ያከሳው፣ ልብሱ የባሕታዊ፣ አንደበቱም ለስላሳ ነበረ። ሕዝቡም ይወደው ነበር። ይህን የምናነሣው በከንቱ አይደለም። መናፍቅ ከበረሃ እንደ ወጣ አውሬ ሆኖ አልመጣም፤ ቀድሶ ያቈርብ የነበረ፣ ሕዝቡ በስሙ የሚጠራው የደብር መምህር ነበር።

ስንክሳር እንደሚነግረን፣ ከእነዚህ ቀድሞ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው፣ ተፍጻሜተ ሰማዕት የተባለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሊሞት በቀረበ ጊዜ ጌታን ልብሱ ተቀዶ በራእይ አየው። ልብስህን ማን ቀደደው ብሎ ቢጠይቀው፣ አርዮስ የሚል መልስ ሰማ። ስለዚህም ደቀ መዛሙርቱን አኪላስንና እለ እስክንድሮስን አርዮስን እንዳይቀበሉት አዘዛቸው። አኪላስ ግን በተሾመ ጊዜ በሰው ልመና ተረትቶ ተቀበለው፤ በመንበሩም ብዙ ሳይቈይ ዐረፈ።

የአርዮስም ትምህርት እንዲህ ነበር፦ ወልድ ከፍጥረት ሁሉ ይበልጣል፣ ነገር ግን እርሱም ፍጡር ነው፤ ሳይፈጠር ያልነበረበት ጊዜ አለ ይል ነበር። ለዚህም ስለ ጥበብ የሚናገረውን ምሳሌ 8፥22 ይጠቅስ ነበር። መጽሐፍ የማይጠቅስ መናፍቅ ማንን ያስታል? ይህንም ትምህርት በጉባኤ ብቻ አላስቀረውም። ታሊያ የሚባል በግጥም የተሠራ መጽሐፍ ጻፈ፤ ለመርከበኞች፣ ለወፍጮ ሠራተኞችና ለመንገደኞችም መዝሙር አዘጋጀ። በእስክንድርያ ወደብ ሸክም የሚያወርደው ሰው፣ እህል የምትፈጭ ሴት፣ ጉባኤ ገብተው የማያውቁ ሁሉ፣ ወልድ ፍጡር ነው የሚለውን ቃል በሥራቸው ላይ ሳሉ ያዜሙት ጀመር። መርዙን በማር ለውሶ አቀረበላቸው ማለት ይህ ነው።

እለ እስክንድሮስ ነገሩን በሰማ ጊዜ አስቀድሞ መከረው፤ ሁለቱንም ወገን በፊቱ አከራከረ። አርዮስ እንቢ ባለ ጊዜ ግን በ320 ገደማ ከግብፅና ከሊቢያ 100 የሚያህሉ ጳጳሳትን ሰብስቦ አወገዘው። አርዮስም ዝም አላለም፤ የኒቆምድያውን ጳጳስ አውሳብዮስን ወዳጅ አድርጎ በምሥራቅ ሁሉ ደብዳቤ በተነ። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስም ጠቡ የካህናት የቃላት ጨዋታ መስሎት ታረቁ ብሎ ለሁለቱም ጻፈላቸው። ንጉሥ ሰላም መውደዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚታረቁበትን ነገር ሳይመረምር ታረቁ ማለቱ ለአርዮስ ጊዜ ሰጠው እንጂ ለማንም አልጠቀመም።

በ325 በኒቅያ ታላቅ ጉባኤ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችን ሠለስቱ ምዕት ብላ የምታከብራቸው 318ቱ አባቶች፣ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን በሃይማኖት ጸሎት ጻፉ። ከሁለት የሊቢያ ጳጳሳት በቀር ሁሉም ፈረሙ፤ አርዮስም ተሰደደ። የእለ እስክንድሮስ ዲያቆን የነበረው አትናቴዎስ በዚያ ነበረ፤ በ328ም በመንበሩ ተተካ። ጉባኤው ነገሩን የጨረሰ መስሎ ነበር። አልጨረሰም። አውሳብዮስና ወገኖቹ የንጉሡን ጆሮ አገኙ፤ ከዚያም በኋላ የተነሣው ጦርነት በሃይማኖት ቃል ሳይሆን በክስ የሚደረግ ሆነ።

በ335 በጢሮስ አትናቴዎስን ለፍርድ አቆሙት። አርሳንዮስ የሚባለውን ጳጳስ ገድለህ እጁን ለጥንቈላ ቈርጠሃል ብለው ከሰሱት፤ በሣጥን ያለ የሰው እጅም ሲያሳዩ ኖሩ። አርሳንዮስ ግን ተደብቆ ነበርና የአትናቴዎስ ሰዎች ፈልገው አገኙት። አትናቴዎስም ሰውየውን ፊቱን ሸፍኖ ወደ ጉባኤው አስገባው፤ መጎናጸፊያውን ገልጦ አንዱን እጅ አሳያቸው፤ ጥቂት ቈይቶ ሁለተኛውን አሳያቸው፤ ሦስተኛው እጅ ከየት እንደ ተቈረጠ ከሳሾቼ ያሳዩን አለ። እውነቱ በዓይን ታይቶ ሳለ ፈረዱበት፤ ንጉሡም ወደ ትሪቭ ሰደደው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስደትና መመለስ ሁሉ ብንጽፍ ዜናው ይረዝማል፤ አምስት ጊዜ ተሰደደ፣ ከመንበሩ ዘመንም 17 ዓመት የሚያህለውን በስደት አሳለፈ ማለት ይበቃል።

በእስክንድርያም የሆነውን እንናገር። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጠንጥዮስ ነግሦ የአርዮስን ወገን ረዳ። በ356 የካቲት ወር፣ በሌሊት፣ ሕዝቡ በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ተሰብስቦ ሳለ፣ ስርያኖስ የሚባለው የጦር አለቃ ከ5000 በላይ ወታደር ይዞ ቤቱን ከበበ። አትናቴዎስ በመንበሩ ተቀምጦ ዲያቆኑን መዝሙር 135ን እንዲያነብ አዘዘው፤ ሕዝቡም በየሐረጉ እየተቀበለ ጸለየ። በሩ ተሰበረ፤ ወታደሮቹ ሰይፍና ቀስት፣ ዱላም ይዘው ገቡ። ሊቀ ጳጳሳቱን ውጣ ቢሉት፣ ሕዝቡ ሳይወጣ አልወጣም አለ። አብዛኛው ከወጣ በኋላ መነኰሳትና ካህናት ጐትተው አወጡት፤ በወታደሮቹ መካከል አልፎ ወደ በረሃ ሄደ፤ ስድስት ዓመትም መነኰሳት ከገዳም ወደ ገዳም እያሳለፉ ሸሸጉት።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሕዝቡ ያደረገው ነገር እጅግ ያስደንቃል። ስርያኖስ ምንም ሁከት አልተደረገም ብሎ ካደ፤ ሕዝቡም ይህንኑ እንዲመሰክር አስገደደ። እነርሱ ግን የሆነውን ጽፈው ተቃውሞአቸውን አቀረቡ፤ ወታደሮቹ ጥለውት የሄዱትንም መሣሪያ ሰብስበው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰቀሉት፤ ያየ ሁሉ እንዲመሰክር። ሹማምንቱ መሣሪያውን ሊወስዱ ሰው ቢልኩ፣ ነገሩ በሁሉ ዘንድ ሳይታወቅ አንሰጥም ብለው መለሱአቸው። እነዚህ ጳጳስም ሊቅም አይደሉም። የወደብ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ደናግል፣ ሽማግሎች ናቸው። እረኛቸው በሌለበት ቤተ ክርስቲያንን የጠበቁ እነርሱ ናቸው።

በ357 የቀጰዶቅያው ጊዮርጊስ በወታደር ታጅቦ በአትናቴዎስ መንበር ተቀመጠ። አትናቴዎስ እንደሚጽፈው ይህ ሰው ቀድሞ በቁስጥንጥንያ ስንቅ አቅራቢ ነበር፤ ከተሾመም በኋላ የጨውን፣ የወረቀት መሥሪያውን የፓፒረስ ተክል፣ የቀብርንም አገልግሎት ሳይቀር ለጥቅሙ ያዘ ይባላል። ሕዝቡ ከእርሱ ጋር መቍረብ እንቢ አለ፤ ከበዓለ ኀምሳም በኋላ በመቃብር ስፍራ ለብቻው ሊጸልይ ወጣ። ሰባስቲያኖስ የሚባለው የጦር አለቃ ወታደር ይዞ መጣባቸው፤ ደናግልን በእሳት አጠገብ አቁሞ የአርዮስን ሃይማኖት እመኑ አላቸው፤ እንቢ ባሉ ጊዜ ፊታቸውን አስመታ፤ አርባ ወንዶችንም እሾኹ ባልተነቀለ አዲስ የተምር ቅርንጫፍ ጀርባቸውን አስገረፈ።

በዚያም ወራት ቆስጠንጥዮስ ወደ አክሱም ደብዳቤ ላከ። የደብዳቤውን ምክንያት ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ፍሬምናጦስና ወንድሙ አድስዮስ የጢሮስ ልጆች ነበሩ፤ በልጅነታቸው ከዘመዳቸው ከሜሮጵዮስ ጋር ሲጓዙ መርከባቸው በቀይ ባሕር ዳርቻ ተያዘ፤ የተረፉት እነርሱ ብቻ ናቸው። በአክሱም ቤተ መንግሥት አደጉ፤ አድስዮስ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ የንጉሡ ጸሐፊና የመዝገብ ጠባቂ ሆነ። ንጉሡ በሞተ ጊዜ ንግሥቲቱ ልጅዋ እስኪያድግ መንግሥቱን እንዲረዱ ለመነቻቸው። ከዚያም በኋላ አድስዮስ ወደ ጢሮስ ሲመለስ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወጥቶ ለአክሱም ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲሾም አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ከአንተ የሚሻል ማን አለ ብሎ እርሱን ራሱን ሾመው፤ ሀገሩም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብሎ ጠራው።

እንግዲህ የቆስጠንጥዮስ ደብዳቤ ወደ አክሱም ንጉሥ ወደ ኢዛናና ወደ ወንድሙ ወደ ሳይዛና ነበር። ወንድሞች ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፍሬምናጦስ የተሾመው በብዙ ወንጀል በተከሰሰው በአትናቴዎስ እጅ ስለሆነ፣ ወደ ግብፅ ፈጥኖ እንዲመጣ፣ በጊዮርጊስና በሌሎች ጳጳሳት ፊት ሃይማኖቱ እንዲመረመር፣ ቢዘገይ ግን የአትናቴዎስ ተባባሪ መሆኑ እንደሚታወቅ ይናገራል። አትናቴዎስም ወደ አክሱም መጥቶ ሕዝቡን እንዳያሳስት ያስጠነቅቃል። ደብዳቤው ሃይማኖታችሁን ለውጡ አላለም። ጳጳሳችሁ ይመርመር፣ ሥርዓት ይጠበቅ፣ ሰላም ይሁን አለ እንጂ። መርማሪው ግን ሕዝቡን በተምር እሾኽ ካስገረፉት ጋር አብሮ የሚሠራው ጊዮርጊስ ነው። የሐሰት ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ጠባቂነት ስም ሲመጣ ከዚህ የበለጠ ግልጥ ምሳሌ አላውቅም። አትናቴዎስ ይህን ደብዳቤ በራሱ መከላከያ መጽሐፍ ውስጥ ቃል በቃል ስለ ገለበጠው፣ እኛም እስከ ዛሬ እናነበዋለን።

አክሱም የቆስጠንጥዮስን ሃይማኖት አልያዘችም። ኢዛና ቀድሞ በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ትቶ መስቀል አስቀረጸ፤ በግሪክኛ ባስቀረጸውም ድንጋይ የአብን የወልድንና የመንፈስ ቅዱስን ኃይል አስቀደመ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 26 አባ ሰላማን፣ ግንቦት 7 አትናቴዎስን ታከብራለች፤ በሁለቱም በቅዱስ አትናቴዎስና በሠለስቱ ምዕት ስም በሚጠሩት ቅዳሴዎች ትቀድሳለች፤ የኒቅያውንም ሃይማኖት ጸሎት ሕዝቡ ከልጅ እስከ ሽማግሌ በቃሉ ይዞ ይደግመዋል። ወልድ ፍጡር ነው የሚል መዝሙር በእስክንድርያ እንደ ተሰማ በዚህ ሀገር ቢዜም፣ ዜማውን ሳይሆን ቃሉን የሚሰማ ሕዝብ እንዲገኝ ነው ይህ ሁሉ የተደረገው።

ቆስጠንጥዮስ በ361 ሞተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጊዮርጊስን የእስክንድርያ ሕዝብ ገደለው። አትናቴዎስ እንዲህ ያለውን በቀል አላስተማረም፤ በ362 ሲመለስ ከአርዮስ ወገን ተጸጽተው የሚመጡትን የኒቅያን ሃይማኖት ብቻ እየጠየቀ ይቀበል ዘንድ ጉባኤ አደረገ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተሰደደ፤ በ367ም ለፋሲካ በጻፈው መልእክት የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ቈጥሮ ሰጠ፤ በ373 ዐረፈ። በእርሱም ፈንታ ሌላ ጴጥሮስ ተሾመ። ንጉሡ ዋሌንስ ግን ሉቅዮስ የሚባለውን አርዮሳዊ በወታደር ኃይል አስገባ፤ ጴጥሮስም ወደ ሮም ሸሽቶ ዋሌንስ በሞተበት ዘመን ተመለሰ። በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች የኒቅያን ሃይማኖት አጸኑ፤ ቤተ ክርስቲያኖቹም ለኒቅያ ሃይማኖት ሰዎች ተመለሱ።