ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር

ጠዋት አንዴ ቁልፍ ሲዞርለት ይነሳል። ሜዳውን ይበራል። ከደብረ ታቦር ወጥቶ የጋይንትን ዳገት ሲጀምር ጉልበት ያንሰዋል፤ ሁለት ሦስቴ ይንተፋተፍና ዝም ይላል። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ይከታል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሹፌሩ ሲሞክረው ያው ሞተር ምንም እንዳልነካው ይነሳል። የአሮጌ ቤንዚን መኪና ባለቤትን እንደዚህ የሚያቃጥለው ሕመም ጥቂት ነው፤ መካኒክ ፊት ሲቀርብ ሁልጊዜ ጤነኛ ነውና።

ለዚህ ሕመም የጉና ዙሪያ የተመቸ አገር ነው። ጉና ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ፣ ስሟ እንደሚለው ነፋስ ላይ ተቀምጣለች። ሲማዳ ወደ በሽሎ፣ እስቴ ወደ ዓባይ እየወረዱ ቆላ ይነካሉ። በእነዚህ አገሮች መኪና ቀኑን ሙሉ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል።

ዳገቱን በመንኮራኩር መጀመሪያ የተፈታተነው ግን ሞተር አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያስቀለጡትን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሱ የሠረገላ መንገድ የሚባል አልነበረም። እየጠረጉ ነው የሄዱት፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተው በጋይንት አልፎ፣ የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ወደ ስድስት ወር ፈጀ። የሰው ጉልበት ሲሞቅ ይቀመጣል፣ ሲበርድ ይነሳል፤ ከዚህ በላይ ምርመራ አያሻውም።

ሞተር በብዛት የመጣው ከጣልያን ጋር ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የአኪሌ ስታራቼ ጦር በካሚዮን ከአስመራ ተነስቶ ጎንደር ገባ፤ በወሩ ደብረ ታቦርም ተያዘች። ወራሪው በ5 ዓመቱ ሲባረር ቃላቱን ትቶ ሄደ። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ የጣልያን ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው የፊያት የጭነት መኪና እንኳ የሞዴል ቁጥሩ በጣልያንኛ ተነቦ «ኤንትሬ» ተብሎ ቀረ። ኤንትሬ በናፍታ የሚሠራ ስለሆነ ካንዴላ የለውም፤ ዳገት ላይ ጠላቱ የውሃ መፍላት ብቻ ነበር።

ጋይንትን በወጉ ያገናኘው መንገድ ግን ሌላ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ከተገናኙ በኋላ በተገኘው የቻይና ብድር ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተቆረጠ። ብድሩን የተዋዋለው መንግሥት መንገዱ ሳያልቅ ወረደ፤ ሥራው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተጠናቀቀ። ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» አለው። በነፋስ መውጫ አልፎ ጨጨሆን ተሻግሮ መቄት ይገባል። በቅሎ በለመደው አገር ላይ ላንድሮቨሩም ፒካፑም ሲመጣ ከሞተር ጋር ሕመሙም መጣ።

ሕመሙ ከከፍታው ጋር የተያያዘ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ነፋስ መውጫ ላይ 90 ሲደርስ ይንተከተካል። ቤንዚንም እንዲሁ፣ አየሩ ሲሳሳ ቶሎ ይተናል። በአሮጌ መኪና የነዳጅ ፓምፑ የተገጠመው ከትኩሱ ሞተር ጎን ነው። ፈሳሽ እንዲገፋ ተሠርቶ እንፋሎት ሲገባበት በባዶ ይደክማል፤ ካርቡሬተሩም ይደርቃል። ራዲያተር የሌለው ቮልስ እንኳ አያመልጥም። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ስስ አየር ሲያገኝ ሙቀቱን የሚወስድለት ያንሰዋል፤ በተለይ ኮምቢው፣ ሞተሩ ከኋላ ተዘግቶበት።

ሁነኛ መካኒክ በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ እሳት አለ ወይስ ቤንዚን? ሞተሩ እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ አንዷን ካንዴላ ፈትቶ ከገመዷ ጋር ያያይዝና ብረቷን ከሞተሩ አካል ያስነካል። ካርቡሬተሩ አጠገብ ቤንዚን እንዳይኖር አይቶ ረዳቱን «አስነሳ!» ይለዋል። ሰማያዊ ብልጭታ ጠብ ጠብ ካለ ጥፋቱ ከነዳጅ ነው። ያኔ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ይጠመጥማል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከተነሳ እንፋሎት ነበር። ከዚያ በፊት ግን የታንከሩን ክዳን ከፈት ማድረግ አይከፋም፤ አየር ፉት ብሎ ከገባ የክዳኑ ቀዳዳ ተደፍኖ ፓምፑ ሊስብ አቅቶት ነበር ማለት ነው። ብዙ ካርቡሬተር ያለ ጥፋቱ የተፈታው ይህችን ክዳን የሚያስታውስ ጠፍቶ ነው። ብልጭታው ቀይና ደካማ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ኮይሉ ወይም ኮንደንሰሩ ይጠረጠራል። የኮይል ሽቦ ሲግል ውስጡ ይከፈታል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል። ስለዚህ ጋራዥ ገብቶ በብርዱ ሲለካ ደህና ነው ይባላል።

የሚያስቸግረው ችኩል ሰው ነው። የሚንተከተክ ራዲያተር ከፍቶ ፊቱን ያቃጥላል፤ አለዚያ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ደፍቶ ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ዛሬ በዚያው መንገድ የሚመላለሱት አይሱዙዎችና ቅጥቅጦች አብዛኞቹ የናፍታ ናቸው። በአዳዲሶቹ የቤንዚን መኪኖችም ፓምፑ ታንከር ውስጥ ገብቶ ነዳጁን በግፊት ስለሚልክ እንፋሎቱ ብዙም አያውካቸውም። ሕመሙ ግን አድራሻ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ትንሽ ሴንሰር ሲግል ሥራውን ያቆማል፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ጸጥ ይላል፤ በርዶ ሲነሳ ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ምንም ጥፋት አላየሁም ይላል። ነገሩን የጠረጠረ መካኒክም ጀሪካኑን አምጥቶ ሴንሰሩ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ጠብ ያደርግና «እስቲ አስነሳው» ይላል።